የኤሌክትሮኒክ ጽሕፈት መኪና ኪቦርድ፦ ፈትቶ ለኮምፒውተር ማዋል

የማተሚያ ክፍሉ የሞተ ወይም ሪባን የጠፋለት ኤሌክትሮኒክ ጽሕፈት መኪና ኪቦርዱ ብቻ ተነጥሎ፣ በአንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ አማካይነት በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት የእጅ ሥራ ነው። ሥራው በየትኛውም አገር ያው ሥራ ነው፤ አማርኛ ጸሐፊ ሲገባበት ግን አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፦ ይህን ሁሉ ፊደል ከየትኛው ቁልፍ ላይ እናስቀምጠው?

ጥያቄው የጀመረው በሜካኒካሉ መኪና ነው። በዚያ መኪና ቁልፉና ፊደሉ አይለያዩም፤ ጣት ሲጫን የብረት ክንድ ተነሥቶ ጫፉ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ሪባኑ ላይ ይመታል። አርባ አምስት ገደማ ክንድ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ቅርጽ፣ በድምሩ ዘጠና ገደማ። የእኛ ገበታ ግን 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ ችግሩን የተወጡት ፊደሉን በመክፈል ነው፦ ግዕዙ መጀመሪያ ይመታል፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ቅጥያ ቀጥሎ ይለጠፍበታል። በኋላ ኦሊቬቲ በፋብሪካ ያወጣቸው የአማርኛ መኪኖች በየመሥሪያ ቤቱና በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ባሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ ተለመዱ። በእነርሱ የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ እጁ የገባ ሰው ልብ ብሎ ይመልከት፤ የ«ሉ» ቅጥያ ከግንዱ ፈቀቅ ብሎ፣ አንዳንዴም ዝቅ ብሎ ተለጥፏል።

ኤሌክትሮኒኩ መኪና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኦሊቬቲው ኢቲ 101 በ1978 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ የአይቢኤም ዊልራይተር በ1984 እ.ኤ.አ. ተከተለ። በእነዚህ መኪኖች ክንዶቹ ቀርተው ፊደላቱ በአበባ ቅርጽ በተሠራች አንዲት የምትሽከረከር ጎማ ቅጠሎች ላይ ተቀረጹ። ጎማዋ የምትይዘው መቶ ገደማ ቅርጽ ነው። ለእንግሊዝኛ ይተርፋል፤ ለሙሉ ፊደላችን ግን ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስም።

ይሁን እንጂ ቁልፉ ከፊደሉ የተላቀቀው ያኔ ነው። የኤሌክትሮኒክ መኪና ቁልፍ ተራ ማብሪያ ነው፤ «ተጫኑኝ» ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ቁልፎቹ በአግድምና በቁም በተዘረጉ መስመሮች መገናኛ ላይ ይቀመጣሉ። ስምንት አግድምና ስምንት ቁም ካለ 64 ቁልፍ በ16 ሽቦ ብቻ ይነበባል፤ መቆጣጠሪያው አግድሞቹን በየተራ እየቀሰቀሰ የትኛው ቁም እንደመለሰለት ያያል። ለዚህ ሥራ የተለመደው አርዱዊኖ ፕሮ ማይክሮ የተባለው ትንሽ ቦርድ 18 መግቢያ ስላለው ይበቃል፤ መስመሩ ከዚያ የበዛ ኪቦርድ ግን ሌላ ቦርድ ይፈልጋል።

አፈታቱ ትዕግሥት ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል «ይሠራ ይሆን?» ብሎ የአዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም፣ ኪቦርዱ ብቻውን የዩኤስቢው 5 ቮልት ይበቃዋል። መኪናው ከሶኬት ተነቅሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ (ካፓሲተሮቹ ኃይል ይዘው ይቆያሉ) የሥሩ ብሎኖች በካቻቢቴ ይፈታሉ። ክዳኑ ሲነሣ ከኪቦርዱ ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄድ ጠፍጣፋ ኬብል ይታያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኬብሉ ስስ ፕላስቲክ ከሆነ ዓመታት አድርቀውታል፤ ጎተት ሲደረግ ይሰነጠቃል፣ መበየጃ ሲነካው ደግሞ ይቀልጣል። ብልሃቱ ኬብሉን ሳይሆን የሚሰካበትን መሰኪያ ከአሮጌው ቦርድ ላይ አንሥቶ ሽቦውን እርሱ ላይ መበየድ ነው። ከዚያ መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጠው ምልክት ላይ አድርጎ፣ ቁልፍ በቁልፍ እየተጫኑ የትኛው ከየትኛው መስመር እንደሚገናኝ ወረቀት ላይ መመዝገብ ነው። ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ካለበት የመልቲሜትሩን ሽቦዎች አቅጣጫ መቀያየር እንዳይረሳ። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

የአማርኛው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ኪቦርዱ ለኮምፒውተሩ የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቁልፍ ቁጥር ነው፤ ፊደሉን የሚሠራው እንደ ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን ያለ ፕሮግራም ነው። ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። በላቲን ድምፅ በሚጻፍበት ዘዴ ኤል ተመትቶ ዩ ሲከተል «ሉ» ይወጣል። ማለትም የአያና ብሩ ሁለት ምት ተመልሶ መጣ፤ ልዩነቱ መገጣጠሚያው አይታይም። በዚሁ ዘዴ ቲ ብቻውን «ት»፣ ከሺፍት ጋር «ጥ» ስለሆነ፣ ሺፍቱ አልፎ አልፎ የማይይዝ ኪቦርድ «ጥሩ»ን «ትሩ» እያደረገ ያስቸግራል። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ መጽዳት ያለበት የሺፍት ኮንታክት ነው።

እንዲህ ያለው መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገኛል? ከቢሮ የወጣ ጽሕፈት መኪና በጨረታ ወይም በቆራሌው ትከሻ መንገዱ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ነው። ፈላጊም እዚያ ይሂድ፤ ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ የቆየ ጽሕፈት ቤት ካለ ዕቃ ቤቱን ያስከፍት። የተረፈው ቦርድና ሽቦ በዘፈቀደ አይጣልም፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ።

ይህ ሁሉ የተባለው ግን ስለ ኤሌክትሮኒኩ ነው። ያገኙት መኪና የብረት ክንዶች ያሉትና አማርኛ የሚመታው ከሆነ ካቻቢቴውን ያስቀምጡ፤ አቧራውን ጠርገው፣ ዘይት ነክተው፣ እንዳለ ያቆዩት።