የመሳያ ድንጋይ ምርጫና የሠራተኛው ሳንባ



በእንጨት ቶርኖ የሚሠራ ባለሙያ መሮውን በቀን ደጋግሞ ይስላል። የትኛው የመሳያ ድንጋይ እንደሚሻለው ሲጠይቅ ጥያቄው የዋጋና የጥራት ብቻ ይመስላል። ዛሬ ለማሳየት የምሻው ግን ይህ ምርጫ የብረቱ ጠባይ ብዙ፣ የሠራተኛው ጤና ግን ጥቂት የታሰበበት ታሪክ ውጤት መሆኑን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የሼፊልድ ከተማ ቢላዋ፣ ሹካና መሮ የሚሳሉት በውኃ፣ ኋላም በእንፋሎት ኃይል በሚሽከረከር የአሸዋ ድንጋይ ላይ ነበር። የአሸዋ ድንጋይ አብዛኛው ክፍሉ ኳርትዝ ነው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ጠባሳ ይጥላል። ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፉ የሼፊልዱን ሐኪም የዶክተር ናይትን ምስክርነት ጠቅሷል። በመጽሐፉ መሠረት ድንጋዩን በደረቁ የሚጠቀሙት አማካይ ዕድሜ 35 ዓመት እንኳ እምብዛም አይሞላም፣ በውኃ እያራሱ የሚሠሩትም ከ45 ዓመት እምብዛም አያልፍም ነበር።

ብናኙን በማግኔት ለመያዝ ቀደም ሲል ሙከራ ተደርጎ ነበር። ማግኔት ግን የሚስበው ብረቱን እንጂ የድንጋዩን ብናኝ አይደለም። ከዚህም በላይ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ መከላከያውን አልፈለጉትም፤ በሽታው ከቀረ ወደ ሙያው የሚገባው ሰው ይበዛል፣ ደመወዝም ይወርዳል ብለው ሰግተዋልና። ይህን አለማወቅ ብሎ ማለፍ የታሪክ ተመራማሪ ሥራ አይደለም። ደመወዙን ያስከበረላቸው ያው የሚገድላቸው አደጋ ስለ ነበር፣ የተሰጣቸው ምርጫ በራሱ ጨካኝ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን በ1891 ሰው ሠራሽ አልማዝ ሲፈልግ ሲሊከን ካርባይድን አገኘ። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ቻርለስ ጄኮብስ ቦክሳይትን በኤሌክትሪክ ምድጃ አቅልጦ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተባለውን መሳያ ሠራ። የኳርትዙ ድንጋይ ቦታውን መልቀቅ የጀመረው በእነዚህ ነው፤ ፈጣሪዎቹን ያነሣሣቸው ግን የማንም ሳንባ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ቴይለርና ኋይት ያዳበሩት ፈጣን ብረት እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጥንካሬውን ይጠብቃል። የቀድሞው የካርቦን ብረት ግን ሲሳል ከጋለና ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ ለእርሱ የሚመረጠው ቅንጣቱ ቶሎ እየተሰበረ አዲስ ስለት የሚያወጣው ነጩ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ለመሮ የቅንጣት ቁጥሩ ከ60 እስከ 80 ይበቃል። አረንጓዴው ሲሊከን ካርባይድ ካርባይድ ለተለጠፈባቸው መሣሪያዎች ይሆናል። ሮበርት ዌንቶርፍ በ1957 ያገኘው ኪዩቢክ ቦሮን ናይትራይድ ደግሞ ለፈጣን ብረት እጅግ ይስማማል፤ ጎማው ቅርጹን ስለሚጠብቅ እንደ ድንጋዩ በየጊዜው መስተካከል አያሻውም፣ የራሱም ብናኝ ጥቂት ነው። ለስላሳ ብረት ግን ይደፍነዋል።

እንግዲህ የሳንባው እፎይታ የብረትና የኬሚስትሪ ፍለጋ ትርፍ ሆኖ የመጣ ነው። በአጋጣሚ የመጣ እፎይታ ደግሞ ሙሉ አይሆንም፤ ብረት በተሳለ ቁጥር ብናኝ አለ። ስለዚህ ስለ መሣሪያ ታሪክ ስትጽፉ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሲሳል ማን እንደሚተነፍሰውም ጠይቁ።