እግር ሲፈታ ጉበት እንዳይታሰር፦ ከደላንታ ጓያ እስከ ቆቦ ክኒን

ከቆቦ ሜዳ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ደጋው ላይ ደላንታና ዳውንት አሉ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ድርቅ ሲመታቸው ሌላው አዝመራ ከሰመ፤ ጓያ ግን ቆመ። ጓያ ድርቁንም ውርጩንም ይችላል። ሕዝቡም የተረፈለትን በላ፤ እሸቱን፣ ቆሎውን፣ ንፍሮውን። ወራት ሳይቆይ ጎልማሶች በዱላ መሄድ ጀመሩ። ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁን፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የቤልጂጉ ፈርናንድ ላምባይን ያሉበት ቡድን በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ ጉዳዩን ለዓለም አሳወቀ። የተጎዳው ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ነበር።

የጓያ መርዝ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርደውን ነርቭ ይጎዳል። እግሩ አይልፈሰፈስም፤ ይልቁንም ይገተራል፣ ጉልበት ይቆላለፋል፣ ተረከዝ መሬት አይነካም። የተጎዳው ነርቭ አይመለስም። ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው የተገተረውን ጡንቻ ማላላት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ቶልፔሪዞን የተባለውን ክኒን በጓያ ሕመምተኞች ላይ ከባዶ ክኒን ጋር አወዳድሮ፣ ክኒኑ ግትርነቱን እንደሚያቀል አሳይቷል። ለተረሳ የድሃ በሽታ ትልቅ ሥራ ነበር።

ጡንቻ የሚያላላ ክኒን ግን ሁሉ አንድ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው ዳንትሮሊን ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢያንስ 60 ቀን የወሰዱ 1,044 ታካሚዎች ሲቆጠሩ፣ ከመቶ 1.8 ያህሉ ጉበታቸው ተጎድቶ ተገኘ፤ ከመቶ 0.3 ያህሉ ሞቱ። በተለይ ሴቶች፣ ከ35 ዓመት በላይ የሆኑና ብዙ መጠን የሚወስዱ ይበልጥ ይጎዱ ነበር። ዛሬ ክኒኑ በከባድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይታዘዛል። ቲዛኒዲን ደግሞ በጥናት ከወሰዱት ከ100 ሰው በ5ቱ ገደማ የጉበት ኢንዛይም ከመደበኛው ከሦስት እጥፍ በላይ አድርሷል፤ አብዛኛው ሲቆም ይመለሳል። ባክሎፈን ለጉበት የተሻለ ነው፤ በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ነው። ነገር ግን በድንገት ቢቋረጥ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል።

ይህ ታሪክ ለቆቦና ለራያ ቆላ ምን ይነግራል? ዛሬ እዚህ የተገተረ እግር ይዞ የሚኖረው ጓያ የበላው ብቻ አይደለም። ደም ግፊት አንጎሉን የመታው አለ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ ሜዳ ሲመላለስ አከርካሪው የቆሰለም አለ። ክኒኑ ደግሞ ለወራት፣ ለዓመታት የሚዋጥ ነው።

ጉበቱስ? በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዛሬው ጎልማሳ አብዛኛው አልተከተበም። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሥር ይቀቀልለታል እንጂ ክኒኑን የሚጠረጥር የለም። ሌላም አለ፦ ለተቅማጥና ለሽንት ቧንቧ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን ከቲዛኒዲን ጋር ፈጽሞ አይወሰድም። ቲዛኒዲንን በደም ውስጥ አብዝቶ ግፊትን ይጥላል።

ስለዚህ ክኒኑን መፍራት መፍትሔ አይሆንም፤ እግሩ የተቆላለፈ ሰው መገላገያ ይገባዋል። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። ከመጀመሩ በፊት የጉበትና የሄፓታይተስ ምርመራ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተደጋጋሚ የደም ምርመራ፣ ለታካሚው ደግሞ በግልጽ አማርኛ የሚነገር ምልክት፦ ሽንት ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ከዘጋ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም።

የዳንትሮሊን ጉዳት የታወቀው ሰው ስለተቆጠረ ነው። የደላንታው ጉዳትም እንዲሁ። የቆቦው ሰው ጉበት ደም ካልተቀዳ፣ ውጤቱ ካልተመዘገበ፣ የሚጎዳው ሁሉ «ወፍ መታው» ተብሎ ይቀበራል። ለክኒኑ ገንዘብ ያገኘ ጤና ቢሮ ለምርመራውም ማግኘት አለበት።