ሲኤምሲ፦ ሻጩም ተቆጣጣሪውም አንድ
ሲኤምሲ ከጣሊያኗ ራቬና የመጣ የግንበኞች ኅብረት ሥራ ድርጅት ምህጻረ ስም ነው። ሰፈሩ የተጠራው በግንበኛው ነው እንጂ በገበሬው ወይም በወንዙ አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጸናው። ስለዚህ ሪል እስቴቱ ቦታ የሚይዘው ከመንግሥት በሊዝ ነው። ኮንዶሚኒየሙን የሚያስገነባውም መንግሥት ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሲወጣ ደግሞ «ይሄ ግንባታ አካባቢውን ይጎዳል ወይ?» ብሎ የሚመረምረው ያው መንግሥት ሆነ።

እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች እንኳ የጻፍነውን ኮድ ሌላ ሰው ሳያየው አንለቀውም። ሪል እስቴቶችን መውቀስ ይቀላል (እኔም እወቅሳለሁ)፤ ግን ሊዝ ለከተማዋ ገቢ ነው፤ ሳይገነባበት ለወንዝ ዳር የተተወ መሬት ግን ሊዝ አያስገባም።