ሁለት ደዌ በአንድ መንገድ
ኮሮና ኤች አይ ቪ በደማቸው ለሚገኝ ወገኖች ምን አመጣ? የደቡብ ጎንደር ደጋ ታሪክ

የደብረ ታቦር ስም በተነሣ ቁጥር እኛ የምሕንድስና ባለሙያዎች አስቀድመን የምናስታውሰው ጋፋትን ነው፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ሥፍራ መድፍ ማሠራታቸውን የሙያችን መነሻ አድርገን ስንጠቅስ ኖረናል፡፡ በዚያው ዘመን በዚያው አገር ስለ ደረሰው ሌላ ነገር ግን እምብዛም አይወራም፡፡ በ1858 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ በጣና ዳር፣ በቆራጣ በሰፈረው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ውስጥ ኮሌራ ገባ፡፡ በዚያን ጊዜ በእስር ላይ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ታሪኩን ጽፎ አቆይቶናል፡፡ ጦሩ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጣ፤ ዳሩ ግን በሽታውም ከሰው ጋር አብሮ ተጓዘ፡፡

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፡፡ አንደኛው ደዌው በሰው አካል ላይ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ሲሆን፣ መልሱ ከሐኪም ይገኛል፡፡ ሁለተኛው ደዌው ሰውና ዕቃ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ይኸኛው የእኛም ድርሻ ይመስለኛል፡፡ የኮሮና ወረርሽኝ ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ወገኖቻችን ላይ ያደረሰውን ለመረዳት ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ መመልከት ያስፈልጋል፡፡

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መኖር በደም ምርመራ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታዩት በ1978 ዓ.ም. ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ለአብዛኛው ሕዝብ መድኃኒት አልነበረም፡፡ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ መታደል ሲጀምር የሕሙማኑ ዕድል ተለወጠ፡፡ መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት አያጠፋም፤ እንዳይራባ ግን ይገታዋል፡፡ የመከላከያ ኃይልም ቀስ በቀስ ያገግማል፡፡ ይህ የሚሆነው ግን መድኃኒቱ በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ብቻ ነው፡፡ የተቋረጠ እንደ ሆነ ቫይረሱ እንደገና ይበረታል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል፡፡

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲገለጽ፣ በእነዚህ ወገኖች ዘንድ የተፈጠረው ፍርሃት ቀላል አልነበረም፡፡ የመከላከያ ኃይሉ የተዳከመ ሰው አዲሱን ደዌ እንዴት ይቋቋማል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነበር፡፡ በአንጻሩም ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል ሎፒናቪርና ሪቶናቪር ኮሮናን ይፈውሱ ይሆናል የሚል ተስፋ በዓለም ተሰማ፡፡ በዚያው ዓመት በተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ግን ተስፋው እውነት ሆኖ አልተገኘም፡፡

ሥጋቱን በተመለከተ፣ በደቡብ አፍሪካ በምዕራብ ኬፕ ክፍለ አገር የተደረገው ጥናት ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው በኮሮና የመሞት ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታል የገቡ ከ15,000 በላይ ሕሙማንን መረጃ መርምሮ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ጭማሪውን በ30 በመቶ ገመተው፡፡ ጭማሪው መድኃኒት በሚወስዱትም ላይ ታይቷል፤ ስኳር፣ የደም ግፊትና ሳንባ ነቀርሳ ሲታከሉበትም አደጋው ይከብዳል፡፡ ይልቁንም የሚያሳስበው ያለ መድኃኒት የቆየው፣ የመከላከያ ኃይሉ እጅግ የተዳከመው ሰው ነው፡፡ በደቡብ አፍሪካ ኮሮና ከእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ አካል ሳይወጣ ከ200 ቀናት በላይ መቆየቱና በዚያም ውስጥ ብዙ ጊዜ መለዋወጡ ተመዝግቧል፡፡

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከመድረሱ ላይ ያርፋል፡፡ በግንቦት 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ያወጡት ስሌት እንዳመለከተው፣ ከሰሐራ በታች ባሉት አገሮች የመድኃኒቱ ሥርጭት ለ6 ወራት ቢስተጓጎል ከ500,000 በላይ ተጨማሪ ሰዎች ሊሞቱ ይችሉ ነበር፡፡

በደቡብ ጎንደር ይህ ስሌት ምን ማለት እንደ ሆነ የአገሩን አቀማመጥ የሚያውቅ ይረዳዋል፡፡ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና የዞኑ የጀርባ አጥንት ነው፡፡ የፋርጣ፣ የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ግን ወደ ጎዳናው ለመድረስ ብዙ ሰዓት በእግሩ ይጓዛል፡፡ ከዚህም በላይ ጎረቤቱና እድርተኛው እንዳያውቅበት ሲል በቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ ራቅ ካለ ከተማ መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ አለ፡፡ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ተሽከርካሪዎች በግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ፤ የጉዞ ዋጋም ጨመረ፡፡ እርምጃው ወረርሽኙን ለመግታት የታሰበ ነበር፡፡ ሆኖም ክብደቱ አብልጦ ያረፈው ምሥጢሩን ለመጠበቅ ሲል ሩቅ በሚጓዘው ሰው ላይ ነበር፡፡

ብዙ ጥፋት እንዳይደርስ የረዳው ከወረርሽኙ አስቀድሞ ለሌላ ዓላማ የተዘረጋ አሠራር ነው፡፡ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤንነታቸው ለተረጋጋ ሕሙማን የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ተጀምሮ ነበር፤ የታሰበውም የሕክምና ክፍሎችን መጨናነቅና የሕሙማንን ድካም ለመቀነስ ነበር፡፡ ለውኃ ሥራ ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምንጩ በየጊዜው እኩል የማይፈስ ሲሆን ማጠራቀሚያ ይሠራል፡፡ በወረርሽኙ ጊዜ ለብዙ ወራት የሚበቃ መድኃኒት የመስጠቱ ልማድ ሲሰፋ፣ ማጠራቀሚያው ወደ ሕመምተኛው ቤት ተዛወረ ማለት ይቻላል፡፡

ይሁን እንጂ ጉድለቱንም መናገር ይገባል፡፡ የ6 ወሩ መድኃኒት የተሰጠው ጤናው ለጸናው ነው፡፡ መድኃኒት ገና የጀመረውና ቫይረሱ በደሙ ያልተገታለት ሰው በየጊዜው መመላለስ ነበረበት፤ ኮሮና አብልጦ የሚያሰጋውም ይህንኑ ሰው ነው፡፡ ስለዚህ ደካማው ሲጓዝ ብርቱው በቤቱ ተቀመጠ፡፡ ደግሞም አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከቤተ ሰቡ ተሠውሮ ለሚኖር ሕመምተኛ የ6 ወር መድኃኒት የት እንደሚደበቅ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው፡፡

የኮሮና ክትባት በአገራችን የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ደዌው በተገኘ ልክ በዓመቱ ነበር፡፡ ነገር ግን ወራት ሳይቆጠሩ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ እስከ ደብረ ታቦር ዳርቻ ደረሰ፡፡ በንፋስ መውጫና በአካባቢው የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ሕዝቡም ተፈናቀለ፡፡ ነፍሱን ለማዳን በሌሊት የወጣ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ቢወጣ ማን ይፈርድበታል? በቤት የተቀመጠው ማጠራቀሚያ የሚጠቅመው ባለቤቱ በቤቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስታውቋል፡፡ የመድኃኒቱ መንገድ ሥጋት ግን አላበቃም፡፡ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ የኤች አይ ቪ ሕክምና ምን ያህል በሩቅ ምንጭ ላይ እንደ ተመሠረተ ዳግመኛ ታየ፡፡

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ የጤና ጣቢያ መንገድ፣ ውኃ፣ መብራትና የመድኃኒት መጋዘን ሲታቀድ በአብዛኛው የምናሰላው በደኅናው ቀን ለሚመጣው ሰው ነው፡፡ ጎዳናው የተዘጋ ዕለት ከስማዳ ቆላ ተነሥቶ የሚመጣው፣ ለማንም ያልተናገረው፣ መድኃኒቱን ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ የሆነው ሰው በስሌታችን ውስጥ የለም፡፡ ጥናታችንን ከእርሱ ብንጀምር፣ ሌላውም ተጓዥ አብሮ ይጠቀማል፡፡