ከጉድጓዱ ሥር ያለው ውሃ፦ የመጸዳጃ ቤት ታሪክና የጎጃም ደጋ ከተሞች

የአገራችን የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ታሪክ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የመጸዳጃ ቤቶች ብዛት ነው። ከጉድጓዱ ወለል በታች ያለው ውሃ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥያቄውን ታሪክ በአጭሩ መቃኘትና እንደ መርጡለ ማርያም ባሉ የጎጃም ደጋ ከተሞች ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ስትሪት የተነሣውን ኮሌራ ዶክተር ጆን ስኖው ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ጋር ማያያዛቸው በሰፊው ይታወቃል። በተከታዩ ዓመት ቦታው ተቆፍሮ ሲፈተሽ ደግሞ፣ በአጠገቡ ካለ ቤት ሥር የነበረው የፍሳሽ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ እንደማይርቅና ግድግዳው ፈራርሶ ፍሳሹ በአፈሩ ውስጥ ይሰርግ እንደነበር ታወቀ። ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ሙራ እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያገኙበት፣ እንግሊዛዊው ዶናልድ ካሜሮንም በ1895 በኤክስተር ከተማ ሠርተው ስሙን ያወጡለት ሴፕቲክ ታንክ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ታንኩ በዋናነት ጠጣሩን ያዘቅጣል እንጂ የበሽታ ተዋስያንን አጥፍቶ አይጨርስም። ፍሳሹ የሚጣራው ከታንኩ ቀጥሎ ባለው፣ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ አፈር ውስጥ ነው። አፈሩ በውሃ ከተሞላ ማጣሪያው የለም ማለት ነው።

በአገራችን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠልን ልማድ ትቶልን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅም ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር ሳኒቴሪያኖችን በማሠልጠን ሥራውን ሙያዊ መሠረት አስያዘው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ16 ፓኬጆቹ 7ቱን ለንጽሕናና ለአካባቢ ጤና መደበ። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 92 በመቶ የነበረው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሕዝብ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወረደ። ይህ ታላቅ ውጤት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ ስለ ጉድጓዱ ደኅንነት የሚነግረን ነገር የለም።

ንግሥት እሌኒ ባሠሩት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የምትታወቀው መርጡለ ማርያም በምትገኝበት ደጋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ዋልካ አፈር ባለበት ሜዳማ ቦታ ሁሉ ችግሩ ግልጽ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ይነፋና ውሃ ማስረግ ያቆማል። በመጋቢት ሲቆፈር ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በነሐሴ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። የበጋው ስንጥቅና ከሥሩ ያለው የተሰነጣጠቀ ድንጋይም ፍሳሹን ሳያጣሩ በፍጥነት ወደ ምንጭና ወደ እጅ ጉድጓድ ሊያደርሱት ይችላሉ። ስለዚህ የከርሰ ምድር ውሃ መለካት ያለበት በክረምት ማብቂያ ነው። በደረቅ ወቅት ለሚመጣ ባለሙያ በአፈሩ ላይ የሚታይ ግራጫና የዝገት መልክ ያለው ዝንጉርጉር ቀለም ውሃው እስከየት እንደሚወጣ ይጠቁመዋል።

ስፊር የተባለው የሰብአዊ ዕርዳታ መመሪያ የጉድጓዱ ወለል ከውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል፣ ከውሃ መገኛም 30 ሜትር እንዲርቅ ይመክራል፤ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ላይ ርቀቱ መጨመር አለበት። ይህ በማይገኝበት ቦታ ጠልቆ መቆፈር ጉዳቱን ያብሳል። መፍትሔው ወደ ላይ መውጣት ነው። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተጀመረውና በዊስኮንሲን በ1970ዎቹ የተሻሻለው ዘዴ ፍሳሹን በአሸዋ ጉብታ ውስጥ አጣርቶ ወደ መሬት ያስገባል። አሸዋና ፓምፕ በማይገኝበት ከፍ ብሎ የተሠራ መጸዳጃ ቤት ወይም ውሃ የማያስገባ ታንክ ይመረጣል። ታንክ ሲሠራ የውሃውን ግፊት ማሰብ ያሻል፤ በውሃ የተከበበ ባዶ ታንክ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1000 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። በመሆኑም በክብደት መያዝ አለበት፤ በክረምትም ጨርሶ ባዶ ባይደረግ ይመረጣል።

ያለፉት ትውልዶች ሕዝቡ ጉድጓድ እንዲቆፍር አስተምረዋል። የዛሬው ባለሙያ በሪፖርቱ ከመጸዳጃ ቤቶች ቁጥር ጎን በጉድጓዱ ወለልና በክረምቱ ውሃ መካከል ያለውን ርቀት ቢመዘግብ፣ ከእነርሱ የተረከበውን ሥራ አንድ ደረጃ ወደፊት ያራምደዋል።