አትላንቲክን የተሻገረው የጣና ደንገል

የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ስሟን የምታከብርባት አንዲት መርከብ ነበረቻት። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አትላንቲክን የተሻገረባት የሳንታ ማሪያ አምሳያ ከ1991 ጀምሮ መሀል ከተማ፣ ስካዮቶ ወንዝ ላይ ታስራ የትምህርት ቤት ልጆች ሲጎበኟት ኖረች። በ2014 የወንዙ ዳርቻ ሲታደስ ከቦታዋ ተነሣች፤ ተቆራርጣም ማከማቻ ገባች። የጄኖዋ ከተማ በ1955 በስጦታ የላከችው የኮሎምበስ ሐውልትም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2020 ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ወረደ። ስለ ሐውልቱና ስለ መርከቧ እዚህ ብዙ ክርክር ተደርጓል። ከኮሎምበስ አጠገብ በጋሃናና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ክርክሩን የምንሰማው የሌላ ቤተሰብ ጉዳይ አድርገን ነው። ይሁንና ያንኑ ውቅያኖስ፣ ያንኑ የነፋስ መንገድ ይዛ የተሻገረች ሌላ መርከብ አለች። አካሏ ከጣና ሐይቅ የታጨደ ደንገል ነበር። ስለ እርሷ በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የዛሬውን ገጽ ለእርሷ ሰጥቻለሁ።

የታሪኩ መሪ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የበልሳ ግንዶችን በገመድ አስሮ፣ ኮን-ቲኪ ብሎ ሰይሞ፣ ከፔሩ ወደ ፖሊኔዢያ ደሴቶች በ101 ቀን በመሻገሩ ዓለም አውቆታል። ከሃያ ዓመት በኋላ ሐሳቡን የሳበው የግብፅ ፈርዖኖች ዘመን ሥዕል ነበር። በመቃብር ግድግዳዎች ላይ የተሳሉት፣ ጫፎቻቸው ወደ ላይ የቀኑ የደንገል ጀልባዎች በዓባይ ውሃ ብቻ የሚመላለሱ ነበሩ? ወይስ የጨው ውሃም ይችሉ ነበር? የጠየቃቸው ባለሙያዎች ደንገል በባሕር ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት እንደማይቆይ ነገሩት። ከባሕር ከወጣ ሺህ ዓመታት ያለፉትን የጀልባ ዓይነት ሠርቶ መሞከር እንጂ በወረቀት መከራከር ነገሩን አይፈታውም ብሎ ተነሣ።

ጥያቄው ለእኛ ባዳ አይደለም። ትንቢተ ኢሳይያስ በ18ኛው ምዕራፉ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ያለች፣ መልእክተኞቿን በደንገል መርከብ በባሕር ላይ የምትልክ አገርን ያነሣል። በኦሪት ዘፀአት ሕፃኑ ሙሴ ወንዝ ዳር የተቀመጠበት ሣጥንም የደንገል ነው። ቅዱስ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የደንገል መርከብና ባሕር አብረው ሲጠሩ ይሰማል፤ ጣና ዳር ያደገ ደግሞ ነገሩን በዓይኑ ያየዋል።

ግብፅ ውስጥ የጥንቱ ደንገል ከዓባይ ዳርቻ ጠፍቶ ነበርና ሄየርዳል ወደ ምንጩ መጣ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ጣና ደንገሉ በብዛት ይበቅል ነበር፤ ከደንገል የሚሠራው ታንኳም በሥራ ላይ ነበር። ለሐይቁ ሰው ታንኳ የሙዚየም ዕቃ ሳይሆን የዕለት መጓጓዣ ነበር። የዘጌ እንጨት ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው፣ እህሉ ወደ ደሴት ገዳማት የሚሻገረው፣ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ የሚጠመደው በታንኳ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማን ጣናን ዙሪያውን ሲያጠና ያገኘው ጀልባ ይኸው ነው።

አሠራሩን ልብ በሉ። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በረጃጅም እስር ይታሰራል፤ እስሮቹ ጎን ለጎን ተጋጥመው ይጠፈራሉ፤ ከፊት እየቀጠኑ ሄደው አፍንጫቸው ወደ ላይ ይቀናል። ሚስማር የለው፣ ሳንቃ የለው፣ ቅጥራን የለው። ታንኳው ውሃ እንዳይገባበት ተብሎ አልተሠራም፤ ውሃው በእስሮቹ መሀል እየገባ እየወጣ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው። ስለዚህም ተቀዶ የሚሰምጥ ነገር የለውም። ጠላቱ መራስ ነው። ከጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ይህን ሙያ ከማንም በላይ ይዘው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ሐይቁን እንደ እነርሱ የሚያውቅ ሳይኖር ለዘመናት በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ተገልለው መኖራቸው የሚያሳዝን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍርም ነው።

ለሄየርዳል 12 ቶን ገደማ ደንገል ከጣና ታጨደ። ደረቀ፣ ታሰረ፣ ከተራራው አገር ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ በመርከብ ግብፅ ገባ። ጊዛ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ በረሃ ላይ ተከመረ። ሠሪዎቹ የመጡት ግን ከቻድ ሐይቅ ነው፤ ቡዱማ የተባለው ሕዝብ ተወላጆች ናቸው። ፊንላንዳዊው የጥንት መርከቦች አጥኚ ቢዮርን ላንድስትሮም ከግድግዳ ሥዕሎቹ ያወጣው ንድፍ ተሰጣቸው። 15 ሜትር የምትረዝም መርከብ ሠሩ፤ በግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም ራ ተባለች።

የታሪኩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የቻድ ሐይቅ ጀልባ አፍንጫው ብቻ ይቀናል፤ ኋላው ደልዳላ ነው። በግብፁ ሥዕል ላይ ግን ኋላዋም ተቀልብሶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ከዚያ ጫፍም አንድ ገመድ ወርዶ ከመርከቧ ወለል ጋር ይያያዛል። ቡዱማዎቹ በአገራቸው የማያውቁትን ጅራት በጥያቄ ብዛት ጨመሩላት። ገመዱ ግን ለጌጥ የተሳለ መስሎ ታየና ተገቢው ቦታ አልተሰጠውም። ሥራው ምን እንደሆነ የሚናገር ሰው ሺህ ዓመታት ቀድሞ ሞቷል።

ራ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1969፣ በእኛ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች። የተሳፈሩት ሰባቱ ሰዎች ከሰባት አገር ናቸው፦ ከኖርዌይ፣ ከአሜሪካ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከጣሊያን፣ ከሜክሲኮ፣ ከግብፅና ከቻድ። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ዘመን አሜሪካዊው ኖርማን ቤከርና የሶቪየቱ ሐኪም ዩሪ ሴንኬቪች በአንድ የደንገል ወለል ላይ አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ። በመጀመሪያዋ ቀን መሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። ደንገሉ ግን በሁለት ሳምንት አልበሰበሰም፤ በአራትም አልበሰበሰም። የጎዳት ኋላዋ ነው። ያ ገመድ እንደ ጅማት ሆኖ ኋላዋን ወደ ላይ ስቦ ሊይዝ፣ ማዕበል ሲመታት ተለጥጣ እንድትመለስ ሊያደርግ የተበጀ ነበር። እርሱ ስላልነበረ ጅራቷ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ወረደ፤ ማዕበሉ በኋላ በኩል ገባ፤ ጎኗን ያሰሩት ገመዶች ተበጥሰው እስሮቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘች በኋላ ካሪቢያን ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ሐምሌ ወር ላይ፣ ተሳፋሪዎቹ ትተዋት ሊረዳቸው ወደ መጣ ጀልባ ተዛወሩ።

ሄየርዳል በዚያው አላቆመም። በዓመቱ ሌላ የጣና ደንገል ሳፊ ወደብ ደረሰ። ሠሪዎቹ በዚህ ጊዜ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው፤ ዴሜትሪዮ፣ ሁዋንና ሆሴ ሊማቺ ከመካከላቸው ይገኙበታል። የቲቲካካ ጀልባ ከፊትም ከኋላም ይቀናልና ያ ቅርጽ በእጃቸው ነበር። እስሮቹንም እንደ ቻዶቹ ለየብቻ አላያያዟቸውም፤ ሁለት ግዙፍ ጥቅሎች አድርገው በአንድ ረጅም ገመድ አጥብቀው አሰሩ። ራ ሁለት ከፊተኛዋ አጠር ብላ 12 ሜትር ሆነች። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች ይዛ ወጣች። 6,100 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጣ በ57ኛው ቀን ባርቤዶስ፣ ብሪጅታውን ገባች። ቀኑ ሐምሌ 5 ነበር፤ ዓሣ አጥማጁ ጴጥሮስ ከጳውሎስ ጋር የሚከበርበት ቀን። በጉዟቸው ላይ ውቅያኖሱ በዘይት ቆሻሻ ጓል መበከሉን በየቀኑ እየመዘገቡ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሪፖርት አድርገዋል፤ የባሕር ብክለትን የዓለም መነጋገሪያ ካደረጉት ምስክርነቶች አንዱም ይህ ነው።

ይህ ጉዞ ግብፃውያን አሜሪካ ደርሰው ነበር ማለት አይደለም። የታሪክና የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ያንን አልተቀበሉትም፤ እኔም አልቀበለውም። ይቻላል ማለትና ተደርጓል ማለት የተለያዩ ናቸው። የተረጋገጠው ግን ትንሽ ነገር አይደለም፦ በአግባቡ ከታሰረ የጣና ደንገል ውቅያኖስ ይሻገራል።

ሄየርዳል የጠፋን የጀልባ ዓይነት እንደመለሰ ሁሉ፣ እዚህ አሜሪካም የተተዉ ጀልባዎችን መመለስ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በእኛው ግዛት ላይማን የተባለው ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1875 በክሊቭላንድ የጀመረው፣ በኋላም ወደ ሳንደስኪ የተዛወረው ፋብሪካ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ደርቦ የሚሠራቸው ጀልባዎች በኢሪ ሐይቅ የታወቁ ነበሩ። ፋይበርግላስ መጣና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእንጨት ሥራው ቆመ፤ የቀሩትን እየጠገኑ የሚያሽከረክሩ ወዳጆች ግን ዛሬም አሉ። በደቡብ የባሕር ዳር ግዛቶች ደግሞ ኩባንያዎች የቆዩ የጨው ውሃ ማስገሪያ ጀልባ ስሞችን ይገዛሉ፣ ያቆሙትንም ምርት ይመልሳሉ፤ ሮባሎ የተባለው የማስገሪያ ጀልባ ባለቤት ሲቀያይር ቆይቶ በ2001 የጆርጂያው ማሪን ፕሮዳክትስ እጅ ገብቶ እስካሁን ይመረታል። እነዚህ ሰዎች አንድ ትልቅ ዕድል አላቸው። ፋይበርግላስ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ ንድፍና የመለኪያ ወረቀት መጋዘን ውስጥ ይቆያል። ሠሪው ቢሞትም ጀልባው ይመለሳል። ደንገል ግን ንድፉ ያለው በሠሪው ጣት ውስጥ ነው፤ ራ አንድ የተሰበረችውም ሥዕሉ ተርፎ እጁ ስላልተረፈ ነው።

ሄየርዳል ሦስተኛ መርከብም ሠርቷል። ትግሪስ የተባለችው፣ በኢራቅ ሸምበቆ የተሠራችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ከትግሪስና ከኤፍራጥስ መገናኛ ተነሥታ እስከ ፓኪስታን ደርሳ ወደ ቀይ ባሕር መጣች። ጊዜው ክፉ ነበር። የኦጋዴን ጦርነት ገና መብረዱ ነው፤ ኤርትራ ውስጥ ውጊያው ቀጥሏል፤ በየመን በኩልም ሰላም የለም። የሚያሳልፋት ጠፋ። መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ሄየርዳልና ባልደረቦቹ ጦርነቱን በመቃወም፣ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደብዳቤ ጽፈው፣ ገና መጓዝ የምትችለውን መርከብ ጅቡቲ ላይ በእሳት አቃጠሏት። የጣና ደንገል በሰላም ያለፈበት ቀይ ባሕር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆነ። ወደ ጅቡቲ ይሸሹ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል ያንን ጭስ ያየ ይኖር ይሆናል።

ራ ሁለት ዛሬ ኦስሎ፣ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ጎብኚው የካፒቴኑን ስም ያውቃል፤ የሊማቺዎቹም ስም በየመጽሐፉ አለ። ያንን ሁሉ ደንገል ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ያጨዱት የጣና ሰዎች ግን እንደ እነርሱ በስም ሲጠሩ አይሰማም።

ጣናም ያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ፤ ዓሣ አስጋሪው የገበያ ሰው ሆነ፣ ታንኳው ወደ ዳር ወጣ። በሞተሩ መምጣት የሚከፋ የለም፤ ወላድ ሴት ከደሴት ወደ ሆስፒታል በፍጥነት የምትደርሰው በእርሱ ነው። የሚከፋው ደንገሉ ራሱ ማለቁ ነው። ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወረረ። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡ መልካም ነው፤ መዝገብ ብቻውን ግን ደንገል አያበቅልም።

በኮሎምበስና በጋሃና ከባሕር ዳር፣ ከዘጌ፣ ከጎርጎራ፣ ከደምቢያ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። ቤት ስትደውሉ በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. ለፈረንጅ ደንገል ያጨደ፣ ያሰረ፣ የጫነ ሰው በሕይወት ካለ ጠይቁ፤ ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ዕድሜው ሰማንያ ገደማ ነው። ስሙን ጻፉ፣ ድምፁን ቅዱ። ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ካሉም ከእስሩ እስከ ቋጠሮው በስልካችሁ እንዲቀረጹ አድርጉ፤ የትኛው ገመድ ለምን እንደታሰረም ይናገሩ።