መብራት ሲሄድ፦ የሐዋሳ ቤቶችና ከዝናብ በኋላ ያለው ጨለማ

አማርኛ ኤሌክትሪክን መብራት ብሎታል። ቆጣሪው የመብራት ነው፤ በየወሩ የሚከፈለውም የመብራት ነው። ምጣዱ ባይግል፣ ማቀዝቀዣው ባይሠራ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ቢቆም የሚባለው ያው ነው፦ መብራት ሄደ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ይባል ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ስሙ ደጋግሞ ቢቀየርም በሰው አፍ እስከ ዛሬ መብራት ኃይል ነው። ስሙ የወጣው ኤሌክትሪክ ለአንድ ቤተሰብ ከማብራት በቀር ሌላ ሥራ ባልነበረው ጊዜ ነው። በሐዋሳ ከተማ፣ በተለይ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያና በሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ ከባድ ዝናብ ጥሎ መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ምን ያጣ እንደነበርና ዛሬ ምን እንደሚያጣ ሲታይ ግን፣ ስሙና ነገሩ ቀስ በቀስ እንደተለያዩ ይታወቃል።

ሐዋሳ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ ቦታው አዳሬ ይባል ነበር፤ የሲዳማ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበር። ሐዋሳ የሚለው ቃል በሲዳማ ቋንቋ ሰፊ ውሃ ማለት ነው። ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን በሚገዙበት ጊዜ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ወታደሮች በአዲሱ ከተማ መሬት ተሰጥቷቸው ሰፈሩ፤ በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደዚያ ዞረ። በዚያው በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመርቆ 43.2 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ከተማዋና ግድቡ እኩያ ናቸው ማለት ነው። እኩያነቱ ግን ለአዲሶቹ ሰፋሪዎች ያመጣላቸው ነገር አልነበረም። የቆቃ ኃይል ቀድሞ የደረሰው ለአዲስ አበባና ለአዋሽ ዳር ፋብሪካዎች ሲሆን፣ ከዋናው መስመር የራቁ የአገሪቱ ከተሞች መብራት ካገኙ የሚያገኙት ከናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። እሱም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ነበር። ቤተ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. ገደማ ያየውን አምፖል የጠቅላይ ግዛት ከተማ ነዋሪ እቤቱ ለማየት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ጠብቋል።

እስከዚያ ድረስ ማታ የሚበራው እንደየቤቱ አቅም ነበር። በገጠር የምድጃው እሳት ራሱ መብራት ነው፤ ደጅ ለመውጣት ጭራሮ ታስሮ እንደ ችቦ ይለኮሳል። ጧፍ ከጥጥ ክርና ከሰም የሚሠራ ሆኖ በዋናነት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለገብርኤል ወይም ለማርያም ተገዝቶ የተረፈው ግን ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና በክፉ ቀን ይወጣል። ኩራዝ ከሁሉም ርካሹ ነበር። የቲማቲም ድልህ ወይም የወተት ጣሳ ክዳኑ ይበሳል፤ በቀዳዳው አጭር የቆርቆሮ ቱቦ ይገባል፤ ከአሮጌ ጨርቅ ወይም ከጥጥ የተገመደ ክር በቱቦው አልፎ ላምባው ውስጥ ይነከራል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ከጣሳ እንዲህ ያለ ዕቃ እየሠሩ ለአገሩ ሁሉ ሸጠዋል። ኩራዝ ብርጭቆ ስለሌለው ንፋስ በቀላሉ ያጠፋዋል፣ ጭሱም ግድግዳውን ያጠቁራል። በኩራዝ ብርሃን ያጠና ተማሪ ጠዋት ሲናፈጥ መሃረቡ ጥላሸት ይሆናል፤ የዚያ ትውልድ ሰዎች ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲያወሩ ይህን ሳያነሡ አያልፉም።

ፋኖስ የተሻለ ኑሮ ምልክት ነበር። በዓለም ገበያ ላምባ በስፋት የተሸጠው ከ1850ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ ሲሆን፣ በ1853 ኢግናሲ ዉካሼቪች የተባለው ፋርማሲስት ዛሬ ዩክሬን ውስጥ በምትገኘው ልቪቭ ከተማ ላምባ የሚያበራ ፋኖስ ሠርቶ አሳይቷል። ሁለት ቱቦ በጎንና በጎን ያለው፣ ንፋስ የማያጠፋው የእጅ ፋኖስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለሐይቅ ዳር ከተማ ይህ ዓይነቱ ተስማሚ ነበር። ፋኖስ ግን ጥገና ይፈልጋል። ብርጭቆው በየቀኑ በአመድ ወይም በጋዜጣ ይወለወላል፤ ክሩ በመቀስ ይስተካከላል፤ ዝናብ ጠብ ያለበት የጋለ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ብርጭቆ ማጽዳት የልጆች ሥራ ነበር፤ ትንሽ እጅ ውስጡ ድረስ ስለምትገባ።

የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ቤት በገባባቸው ዓመታት አብዛኛው ቤት የነበረው አንድ ወይም ሁለት አምፖል ነው። ዝናብ መስመሩን ሲበጥስ የሚጠፋውም አምፖሉ ብቻ ነበር። ፋኖሱ ከተሰቀለበት ይወርዳል፣ ራት ይበላል፣ ቤተሰቡ ይተኛል። ወጥ በከሰል ወይም በቡታጋዝ፣ እንጀራ በማገዶ ስለሚሠራ ማዕድ ቤቱ መብራት መሄዱን አያውቅም። መብራት የሚለው ስም ከነገሩ ጋር ሙሉ በሙሉ የተስማማው በዚያ ጊዜ ነው።

ዝናቡ መስመሩን የሚጎዳበት መንገድ ግን ያኔም ዛሬም አንድ ነው። ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በበልግና በክረምት ከቀትር በኋላ ደመና ይጠቁርና ከዝናቡ ቀድሞ ኃይለኛ ንፋስ ይነሣል። ኤሌክትሪኩ ከተማ ውስጥ የሚሄደው በ15 ወይም በ33 ሺህ ቮልት መስመር ሲሆን፣ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ያወርደዋል። ሽቦዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ራቁታቸውን ናቸው። ንፋስ ሁለቱን ካነካካቸው፣ ወይም የጃካራንዳ ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከወደቀባቸው፣ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ እንደ ጥይት ጮኾ ይቃጠላል፤ ሰፈሩም ይጨልማል። ከሥሩ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ በራሰ አፈር ላይ ይዘማል፤ የኮንክሪት ምሰሶ እየተተካ የመጣው በዚህም ምክንያት ነው። አንዳንዴ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ብቻ ይቋረጣል። ያኔ ከአንድ አጥር ወዲህ ጨለማ፣ ወዲያ ማዶ ብርሃን ይሆናል፤ ከጎረቤት በማራዘሚያ ገመድ መብራት መሳብም ይጀመራል። ደግነቱ ባያጠራጥርም፣ እርጥብ ሣር ላይ የተዘረጋ ልጡ የተላጠ ገመድ ከጨለማው የባሰ አደጋ ነው። መሬት የወደቀ የመንገድ ሽቦም የሞተ መስሎ ሕይወት ሊኖረው ስለሚችል ማንም ሊጠጋው አይገባም።

የመብራት መሄድ ትርጉም የተለወጠው በማዕድ ቤት በኩል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህ የብዙ ደርዘን አምፖሎች ያህል ነው። እንጀራ ጋጋሪ ቤት ደግሞ ቀኑን አስቀድሞ ይቆጥራል፦ ሊጡ ተቦክቷል፣ አብሲቱ ገብቷል፣ ኩፍ ብሏል። በዚህ ሰዓት ዝናብ መብራቱን ከወሰደው ሊጡ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል። ግቢ ያለው ሰው አሮጌውን የሸክላ ምጣድ አውርዶ ሦስት ጉልቻ ላይ ይጥዳል፤ ማገዶው ግን በዚያው ዝናብ ርሷል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ይህም አይቻልም፤ ሊጡን በባልዲ ይዞ መብራት ያለው ዘመድ ቤት መሄድ ነው ያለው። ኤሌክትሪክ ማገዶን ከቤት ሲያስወጣ መጠባበቂያውንም አብሮ አስወጥቶታል።

አሞራ ገደል ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የገበያው ሰዓት የተቀረጸው በረዶና ማቀዝቀዣ በሌለበት ሥርዓት ነው። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ከሰዓት በኋላ ይጥላሉ፤ ንጋት ላይ አንሥተው ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ይዘው በጀልባ ዳር ይወጣሉ። ቅርፊቱ እዚያው ይገፈፋል፣ ሥጋው በቢላ ከአጥንት ይለያል፤ ጭንቅላትና አንጀት የሚወረወርለት፣ ከአንገቱ ኮዳ የመሰለ ከረጢት ያንጠለጠለው አባ ኮዳ በቁመቱ ከልጅ ሳያንስ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበላ፣ የሚያስጠብስ፣ ሾርባ የሚያዝ ደንበኛ ቀትር ሳይሆን ገበያውን አብዛኛውን ይጨርሰዋል። መጥበሻው የሚግለው በማገዶ ወይም በከሰል ስለሆነ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ምሰሶ ቢጥልም ጥብሱ አይቀርም። ጉዳቱ የሚደርሰው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰንሰለት ላይ ነው፦ ዓሣውን ገዝተው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጡ ሆቴሎችና ሱቆች ላይ፣ ከሁሉም ይልቅ የዓሣ ፍላጎት በሚንርበት በዐቢይ ጾም። ልምዱም ሳይንሱም የሚሉት አንድ ነው፤ በሩን አለመክፈት። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ለ48 ሰዓት ያህል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ ለ24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ተራ ማቀዝቀዣ ግን ከ4 ሰዓት ገደማ በላይ አይዝም። በጋምቤላና በጣና ዳር ዓሣን አድርቆ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። የሐዋሳ ገበያ በትኩሱ ሸጦ ስለሚጨርስ ማድረቅ ላይ እምብዛም አልተደገፈም።

ከዝናብ ጋር የማይገናኝ ሌላ ዓይነት መቋረጥም የሰውን ልማድ ቀርጿል፤ ፈረቃ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩ ተገልጾ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆነ። ፈረቃ ሰዓት ስላለው ሰው ሊጡን፣ ልብሱን፣ ስልኩን በሰዓቱ ያዘጋጃል። ዝናብ ያጠፋው መብራት ግን ሰዓት የለውም፤ ሠራተኞቹ መስመሩን ምሰሶ በምሰሶ ፈልገው ብልሽቱን እስኪያገኙ ድረስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ይህኛውን አይፈታም፤ ችግሩ ያለው ከግድቡ ሳይሆን ከሰፈሩ ምሰሶ ላይ ነውና። ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካ ግዛት የሆነችውን ፖርቶ ሪኮን ሲመታ፣ በመጨረሻ መብራት ያገኙት ቤቶች ወደ 11 ወር ጠብቀዋል።

ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ፋኖስ ያለበት ቤት ጥቂት ነው። ቦታውን በመጀመሪያ ሻማ፣ ቀጥሎ በቻርጅ የሚሠራ መብራት፣ ከዚያም የሞባይል ባትሪ ወስዶታል። ሻማ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ውሃ ባለበት ሳህን መካከል ይቆማል፤ ቢወድቅ እንዲጠፋ። ሞባይሉ ግን ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ መብራት ሲሄድ ለብርሃን የሚያልቀው ባትሪ ለጥሪ አይተርፍም፤ ስለዚህ ዝናብ ሲያጉረመርም ስልክ ቻርጅ ላይ መሰካት እንደ ልብስ ከገመድ ማውረድ ያለ ልማድ ሆኗል። ጄኔሬተር ያላቸው ሆቴሎች ሲበሩ የሐይቁ ዳር በብርሃንና በጨለማ ተከፍሎ ይታያል፤ ብልሽት የሚነገርበት የ905 መስመርም በዚያ ምሽት ይጨናነቃል።

መብራት ሲመለስም ሥርዓት አለው። መስመሩ እንደተቀጠለ የሚመጣው ኃይል አንዳንዴ ከልክ በላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ማቀዝቀዣውና ቴሌቪዥኑ ገና ሲጠፋ ከሶኬት ይነቀላሉ፣ ምጣዱም ይጠፋል። መብራቱ ከተመለሰ በኋላም ማቀዝቀዣው ሳይሰካ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ሳይጠፋ የሚተወው አንድ አምፖል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሳሎኑ ወይም የበረንዳው። እሱ ቦግ ሲል የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ "መጣ!" ብለው ይጮኻሉ፤ ቤተሰቡም ምጣዱን ወይም ማቀዝቀዣውን ከመሰካቱ በፊት መብራቱ ጸንቶ እንደሆነ በዚያ አምፖል ይመለከታል።